ወረቀት ሲናገር፤ የተቀዳ ድምፅና የተሸመነ ወረቀት በትዝታ አልበም

የሰው ድምፅ መጀመሪያ ያረፈው ወረቀት ላይ ነበር። ኤዲሰን በ1877 ፎኖግራፉን ከመሥራቱ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ፓሪስ ውስጥ የኅትመት ሠራተኛ የነበረው ኤድዋር ሌዮን ስኮት ደ ማርቲንቪል በኩራዝ ጥቀርሻ የጠቆረ ወረቀት በሲሊንደር ላይ ጠቅልሎ፣ ድምፅ ባንቀጠቀጣት ቁጥር ወረቀቱን የምትጭር አንዲት የአሳማ ጸጉር ገጠመለት። (እዚህ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1860 አንድ የፈረንሳይ የሕዝብ ዘፈን የተቀዳበት ወረቀት ዛሬም አለ። ስኮት ጭረቱን በዓይን ለማንበብ እንጂ መልሶ ለመስማት አላሰበም፤ ያሰሙት በ2008 ጭረቱን በኮምፒውተር ያነበቡ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ናቸው። መጀመሪያ የልጃገረድ ድምፅ መሰላቸው። ፍጥነቱ በእጥፍ ተሳስቶ እንደነበር የገባቸው በኋላ ነው፤ ሲያስተካክሉት ዘፋኙ ወንድ፣ ምናልባትም ራሱ ስኮት ሆኖ ተገኘ።

የትዝታ አልበም፣ በብዙዎች አጠራር ስክራፕቡክ፣ የሚሠሩ ሰዎች ዛሬ ወረቀትንና ድምፅን እንደገና ለማገናኘት ብዙ ይሞክራሉ። ፎቶ እየሰነጠቁ እንደ ሰሌን ይሸምናሉ፤ በሽመናው መካከል ሲነካ የሚናገር ቺፕ ይደብቃሉ፤ የድምፅ ሞገድ አትመው በጌጥ መልክ ይለጥፋሉ፤ በስልክ የሚነበብ ኮድ ያክላሉ። ከዚህ ሁሉ የትኛው ይጠቅማል? የትኛው ከሁለት ዓመት በኋላ ዲዳ ይሆናል? አንዱን ከሌላው ጋር እያነጻጸርኩ የደረስኩበትን አስቀድሜ ልናገር፦ ድምፅና ሽመና ተስማምተው የሚኖሩት ሽመናው ለድምፁ ኪስ ሲሆንለት፣ ድምፁም ሙዚቃና ኮሽታ መሆኑ ቀርቶ ፎቶውን የሚያውቅ ሰው ንግግር ሲሆን ነው። ሌላው አብዛኛው ጌጥ ነው። ጌጥ መጥፎ ነው አልልም፤ ግን የሚደከምለትን ያህል አይከፍልም።

ቁርጥራጭ ወረቀት በአልበም መሰብሰብ አሮጌ ልማድ ነው። ደራሲው ማርክ ትዌይን ሙጫ ማብኳቱ ሰልችቶት፣ ገጾቹ አስቀድመው ሙጫ የተቀቡ፣ ውኃ ሲነካቸው ብቻ የሚጣበቁ አልበም ፈልስፎ በ1873 የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። ዛሬ የምናውቀው፣ በልዩ ወረቀትና በልዩ መቀስ የሚሠራው ስክራፕቡክ ግን መነሻው የአሜሪካዋ ዩታ ናት። የዘር ሐረግ መመዝገብን ከእምነታቸው ጋር ያቆራኙት ሞርሞኖች በሚበዙባት በዚህች ክፍለ ሀገር፣ በ1980 ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ በተካሄደ ዓለም አቀፍ የመዛግብት ጉባኤ ማሪለን ክሪስተንሰን የቤተሰቧን አልበሞች አቀረበች። ከዚያ ወዲያ ጉዳዩ ትልቅ ንግድ ሆነ።

እኛ ዘንድ አልበም ሌላ ጠባይ አለው። እንግዳ ሲመጣ ቡናው እስኪፈላ አልበም ይሰጠዋል። እመቤቲቱ ከጎኑ ቁጭ ብላ፣ «ይቺ ታላቅ እኅቴ ናት፤ ይሄ ደሴ እያለን ነው፤ ይሄኛው ጎረቤታችን ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና» እያለች ታስገላብጠዋለች። ከፎቶው ጀርባ የተጻፈ ነገር ብዙ ጊዜ የለም፤ ጽሑፉ እሷ ናት። እሷ ስታልፍ አልበሙ ይቀራል፤ ልጆቹም ገጽ እየገለጡ «ይሄ ማነው?» ይባባላሉ። እንግዲህ በአማርኛ ተናጋሪ ቤት ድምፅ ያለው አልበም እንሥራ ሲባል አዲስ ነገር እየተጨመረ አይመስለኝም። ድሮም አብሮ የነበረውን ተራኪ መመለስ ነው።

ወደ ሽመናው ልግባ። ወረቀት መሸመን በብዙ አገር የተለያየ ሥር አለው። ጃፓኖች ከዛፍ ልጥ የተሠራ ወረቀት በቀጭኑ ሰንጥቀው፣ እንደ ጥጥ ፈትለው፣ ሺፉ የሚባል ልብስ ይሸምኑበታል፤ የሺሮይሺ ከተማ በዚህ የታወቀች ናት። ኮሪያውያን ያረጀ መጽሐፍ ወረቀት ሳይቀር እየገመዱ ጂሰውንግ በሚሉት ጥበብ ዕቃ ይሠሩበታል። በጀርመን የመዋዕለ ሕፃናትን ሐሳብ ያመነጨው ፍሪድሪኽ ፍሮብል ለልጆች ካዘጋጃቸው የእጅ ሥራዎች አንዱ ባለቀለም ወረቀት ማጠላለፍ ነበር፤ ዛሬ በየአጸደ ሕፃናቱ ልጆች ይዘው የሚመጡት የወረቀት ምንጣፍ የዚያ የልጅ ልጅ ነው።

ከሁሉም ለጉዳያችን የሚቀርበው የዴንማርኩ ነው። ዴንማርኮች ለገና ዛፍ የሚሰቅሉት የወረቀት ልብ ከሁለት ቀለም ወረቀት ይሸመናል። ከሚታወቁት ሁሉ ቀደምት የሚባለውን የሠራው የተረት ደራሲው ሐንስ ክርስቲያን አንደርሰን ሲሆን ዓመቱ 1860 ነው፤ የስኮት ዘፈን ጥቀርሻ ላይ የሰፈረበት ያው ዓመት መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ነው። የዚህ ልብ ብልኀት ያለው በመልኩ ላይ አይደለም። እያንዳንዱ ዘርፍ ድርብ ስለሆነና አንዱ በሌላው ውስጥ እየገባ ስለሚያልፍ፣ ሥራው ሲያልቅ ልቡ እንደ ከረጢት ይከፈታል። ዴንማርኮች ከረሜላ ይጨምሩበታል። እኛ ድምፅ ልንጨምርበት እንችላለን።

አንዳንድ ጸሐፍት የወረቀት ሽመናን ከመሶብና ከሰፌድ ጋር ያመሳስሉታል። አይመስለኝም። ሰፌድ ስንደዶው እየተጠቀለለ፣ በወስፌ እየተወጋ፣ በአክርማና በአለላ እየታሰረ የሚሰፋ ነው። ወረቀት ግን አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች እየተላለፈ ስለሚያዝ የሚዛመደው ከዘንባባ ሰሌን ጋር፣ አለዚያም ከሸማኔው ድርና ማግ ጋር ነው። ልዩነቱ ለሠሪው ይጠቅመዋል። ሰፌድ የምትሰፋ ሴት ነገር ለመጨመር ስትፈልግ በየዙሩ ታሰፋዋለች፤ ወረቀት የሚሸምን ሰው ግን ወርዱንና ቁመቱን ድሩን ሲሰነጥቅ ጨርሶታል፤ ቺፑ የት እንደሚቀመጥም ያኔውኑ ማወቅ አለበት።

ፎቶን መሸመን የጥበብ ደረጃ ያደረሱት በተለይ ሁለት ሰዎች ናቸው። በ2024 ያረፈው የቬትናም ተወላጅ ዲን ኪው ሌ በልጅነቱ ከአክስቱ ያየውን የሣር ምንጣፍ አሠራር በትልልቅ ፎቶዎች ላይ አዋለው። የጦርነት ፎቶ ከሆሊውድ ፊልም ምስል ጋር ይሸምናል፤ ተመልካቹ አንዱን ልይ ሲል ሌላው ይመጣበታል። ሁለተኛዋ በ2018 ያረፈችው፣ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የምሥራቅ ቸሮኪ ተወላጅ ሻን ጎሾርን ናት። ከሕዝቧ ጋር የተገቡ ውሎችንና የድሮ ፎቶዎችን ቅጂ ሰንጥቃ በቸሮኪ ቅርጫት ስልት ሸመነቻቸው። ከስልቶቹ አንዱ ድርብ ሽመና ነው፦ ውስጠኛው ቅርጫት ሲያልቅ ዘርፉ ታጥፎ ውጨኛውን ይሠራል። ቅርጫት በቅርጫት ውስጥ መሆኑ ነው። የዴንማርኩ ልብና የቸሮኪው ቅርጫት ተራርቀው ሳሉ አንድ ነገር ላይ ይገናኛሉ፤ ሁለቱም በግድግዳቸው መካከል ቦታ አላቸው።

ለቤት አልበም ያን ያህል መራቀቅ አያስፈልግም። ሁለት 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ፎቶዎች እንውሰድ፤ ኦሪጂናሎቹን በፍጹም አንቆርጥም፣ የእያንዳንዳቸውን ቅጂ እናሳትማለን። አንዱ እናት በወጣትነቷ፣ ሌላው እናት ዛሬ ይሁን። የመጀመሪያው ድር ነው፦ በጀርባው በኩል በእርሳስ እየተሰመረ፣ ከላይ 1 ሳንቲ ሜትር ሳይቆረጥ ቀርቶ፣ ቁልቁል በ5 ሚሊ ሜትር ልዩነት ይሰነጠቃል፤ 20 ዘርፍ ያለው ማበጠሪያ መሳይ ነገር ይወጣል። ሁለተኛው ማግ ነው፤ አግድም ሙሉ ለሙሉ ይቆራረጣል። እያንዳንዱ ማግ ጀርባው ላይ ቁጥር ይጻፍበት። ነፋስ ወይም ሕፃን ሲበትነው ያን ጊዜ ቁጥሩ ምን እንደሚያወጣ ይታወቃል። ማጉ አንዱን ድር ከላይ፣ ቀጣዩን ከታች እያለ ሲያልፍ በወስፌ ጀርባ ወደ ላይ ይጠጋ። ወረቀት ውፍረት ስላለው ሽመናው ትንሽ ይረዝማል፤ የመጨረሻው ማግ ቦታ ቢያጣ ስሕተት አይደለም፣ ይተዋል።

እንዲህ ሲሸመን ከእያንዳንዱ ፎቶ ግማሹ ብቻ ይታያል። ግማሹ ይጠፋል ማለት ነው፤ ጀማሪ የሚደነግጠውም ዓይን ወይም አፍ ሲጠፋበት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ፊት ያለበት ቦታ ላይ ማጉ ሦስት አራት ድር በአንድ ጊዜ ከኋላ ይለፍ፤ ፊቱ ሳይቆራረጥ ይወጣል። ከዚያ በላይ ከዘለለ ወረቀቱ ይላላል። ሽመናው ሲያልቅ በሦስት ጎኑ ብቻ ገጹ ላይ ይጣበቃል፤ አራተኛው ክፍት ይቀራል። ኪሳችን ይኸው ነው።

አሁን ድምፁ። በጣም የተለመደው፣ ለዓይንም የሚያምረው፣ የድምፅ ሞገድ ማተም ነው። «እወድሻለሁ» የሚል ንግግር በኮምፒውተር ወደ ተራራና ሸለቆ ተለውጦ በወርቃማ ቀለም ይወጣል። አንዳንዶች ማጎቹን በሞገዱ ከፍታ ልክ ሰፋና ጠበብ አድርገው ይቆርጧቸዋል፤ እውነትም ሽመናው ልዩ ምት ይይዛል። ይሁን እንጂ ከዚህ ሥዕል ማንም ድምፁን አይሰማም። ስኮትም ያመነው ጭረት እንደ ጽሑፍ ይነበባል ብሎ ነበር፤ በዓይን ግን አልተነበበም።

ቀጥሎ በስልክ የሚነበበው ኪውአር ኮድ ነው። በ1994 በጃፓኑ ዴንሶ ዌቭ ለመኪና መለዋወጫ መቆጣጠሪያ የተሠራው ይህ ኮድ እስከ 30 በመቶ ቢበላሽ እንኳ እንዲነበብ ተደርጎ ሊታተም ይችላል፤ ስለዚህ ጥቂት ዘርፍ ቢያልፍበት ይችላል የሚሉ ሠሪዎች አሉ። ልክ ናቸው፣ በዙሪያው ያለው ነጭ ጠርዝና ሦስቱ የማዕዘን ካሬዎች ካልተነኩ። የእኔ ጥርጣሬ ሌላ ነው። ኪውአር ድምፅ አይዝም፤ አድራሻ ነው የሚይዘው። ትልቁ ኮድ እንኳ የሚችለው 2,953 ባይት ነው፤ የተጨመቀ ንግግር እንኳ ቢሆን ጥቂት ሰከንድ ቢይዝ ነው። ስለዚህ ድምፁ የሚቀመጠው አንድ ኩባንያ ሰርቨር ላይ ነው። የአገልግሎቱ ክፍያ ሲቋረጥ፣ የይለፍ ቃሉ ሲጠፋ፣ ድርጅቱ ሲዘጋ ገጹ ላይ የሚቀረው ጥቁርና ነጭ ካሬ ብቻ ነው። ለሠርግ ጥሪ ካርድ ይሆናል። ለልጅ ልጅ በሚተላለፍ አልበም ላይ ብቻውን ልተማመንበት አልችልም።

መጠቀስ ያለበት አንድ የሚያስደስት መንገድ አለ። ሃንጋሪያዊቷ ዲዛይነር ዣኔት ሲርማይ የአገሯን የጥልፍ ንድፍ ወረቀት ላይ በቀዳዳ ቀይራ በእጅ በሚዞር የሙዚቃ ሣጥን አጫወተችው። እያንዳንዱ የመስቀል ስፌት አንድ ቀዳዳ፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ ድምፅ ሆነ። በነገራችን ላይ ሐሳቡ ከሽመና ቤት የወጣ ነው፤ የዣካርድ መሸመኛ ከ1800ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሚታዘዘው በተበሳ ካርቶን ነበር። የነጠላ ጥለት ንድፍ በዚህ መንገድ ምን ዓይነት ዜማ እንደሚያወጣ መሞከር የሚፈልግ ሰው ባለ15 ወይም ባለ30 ድምፅ የሙዚቃ ሣጥን ከመብሻው ጋር ገዝቶ ሊጀምር ይችላል። ባትሪ አይፈልግም፣ ወረቀቱ እስካለ ይዘፍናል። ግን የሰው ድምፅ አይደለም።

የሰውን ድምፅ ያለ ስልክ፣ ያለ ኢንተርኔት ገጹ ላይ የሚያኖረው ርካሹ ቺፕ ነው። በኤሌክትሮኒክስ ሱቆች በብዛት የሚገኘው አይኤስዲ 1820 የሚባለው ሲሆን፣ ማይክ፣ ትንሽ ስፒከርና ሦስት ቁልፍ ይዞ በአንዲት ሰሌዳ ላይ ይመጣል። መቅጃውን ተጭነህ ትናገራለህ፤ ማጫወቻውን ስትነካ ይመልስልሃል። ባትሪው ቢያልቅም የተቀዳው አይጠፋም፤ አዲስ ባትሪ ሲገባለት እንደገና ይናገራል።

የዚህን ቺፕ ጠባይ ያላወቀ ሰው ግን በውጤቱ ያዝናል። የቅጂው ርዝመት የሚወሰነው በአንድ ሬዚስተር ነው፦ 100 ኪሎ ኦም ከሆነ 10 ሰከንድ፣ 200 ከሆነ 20 ሰከንድ። ብዙ ሰው «ሃያ ይሻላል» ብሎ ይለውጠዋል። ቺፑ ግን ተጨማሪ ማከማቻ ስለሌለው፣ ጊዜውን የሚያረዝመው ጥራቱን ቀንሶ ነው። በ10 ሰከንድ እስከ 2.6 ኪሎ ኸርዝ ያለውን ድምፅ ይይዛል፤ በ20 ሰከንድ ወደ 1.3 ይወርዳል። የ«ሰ» እና የ«ሸ» ፉጨት በአብዛኛው ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ እማማ «ሰማ» ይበሉ «ሸማ» ይበሉ አይለይም፤ ድምፃቸውም ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል። ተቃራኒውን እመክራለሁ፦ ሬዚስተሩን ወደ 80 አውርዶ በ8 ሰከንድ እስከ 3.4 ኪሎ ኸርዝ መያዝ። ይህ የመደበኛ ስልክ ጥራት ነው። ስምንት ሰከንድ ለሙሉ ምርቃት አይበቃም፤ ለአንድ ስም፣ ለአንድ ቦታና ለአንድ «እግዜር ያሳድጋችሁ» ግን ይበቃል።

ስፒከሩን አየር ላይ እንዳለ ማንጠልጠል ሌላው የተለመደ ስሕተት ነው። ከፊቱና ከኋላው የሚወጣው ድምፅ እርስ በርሱ ስለሚጣፋ ቀጭን ሆኖ ይሰማል። በስፒከሩ ልክ የተበሳ ጠንካራ ካርቶን ላይ ጠርዙን ዙሪያውን አጣብቆ ማስቀመጥ ብቻውን ድምፁን ያጎላዋል። ፊት ለፊቱ የተሸመነው ወረቀት ይመጣል፤ በዘርፎቹ መካከል ያለው ክፍተት ድምፁን ያሳልፈዋል። የላላ ዘርፍ ካለ ግን እንደ ዝንብ ይንጫጫል፤ ጫፍ ጫፉን በጠብታ ሙጫ መያዝ ነው። ከወረቀቱ በስተጀርባ የማጫወቻውን ቁልፍ አስቀምጦ፣ ከፊት ለፊት ያ ሳይቆራረጥ የቀረው ፊት እንዲነካ ማድረግ እስካሁን ካየኋቸው ሁሉ የተዋጣው ነው። ልጅ የአያቱን ጉንጭ ሲነካ አያቱ ስማቸውን ይናገራሉ።

ባትሪውን በተመለከተ የማልደራደርበት ነገር አለ። የሰዓት ባትሪ የምንላት ትንሿ ክብ ድንጋይ በሕፃን ከተዋጠች በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች። ሕፃን በሚደርስበት አልበም ውስጥ የባትሪው ቤት በቡሎን የሚታሰር ካልሆነ አለመጨመር ነው። ሲያረጅም የሚያንጠባጥበው ፈሳሽ ወረቀቱንም ፎቶውንም ይበላል። ኪሱ በአንድ ጎን ክፍት ይሁን ያልኩት ለዚህ ነው፦ ቺፑና ባትሪው ካርቶናቸው ላይ እንዳሉ ሳብ ተደርገው ይወጣሉ፣ ይለወጣሉ፣ ይመለሳሉ። ሙጫ ውስጥ የተቀበረ ቺፕ በሞተ ቀን ገጹን ቀዶ ማውጣት ግድ ይሆናል።

ዓይነ ስውር የቤተሰብ አባል ላለው ቤት ደግሞ የሚናገር እስክሪብቶ አለ፤ ትንንሽ ተለጣፊ ምልክቶች ላይ ጫፉን ሲያሳርፉት ለዚያ ምልክት የተቀዳውን ያሰማል። የእንግሊዙ የዓይነ ስውራን ተቋም ፔንፍሬንድ በሚል ስም የሚያቀርበው ይህ መሣሪያ የተሠራው ለመድኃኒት ጠርሙስና ለቁም ሣጥን ነው፤ ለአልበም ግን ከተለመዱት የስክራፕቡክ ዕቃዎች አብዛኞቹን ያስንቃል። ድምፁ እስክሪብቶው ውስጥ ስለሚኖር ገጹ ቀጭን ሆኖ ይቀራል፤ የተሸመነው ወረቀትም ለጣት የሚነበብ ምልክት ይሆናል። ጉድለቱ እስክሪብቶው ከጠፋ ሁሉም መጥፋቱ ነው።

እንግዲህ ምን ይቀዳ? እዚህ ላይ እኛ ከማንም የማናንስ ሀብት አለን። በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ በፎኖግራፍ የድምፅ መልእክት ልካ ነበር። ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ታዝዞ ስለነበር ተሰባበረ። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱም በ1899 በዚያው መሣሪያ የድምፅ መልስ ላኩ። በድምፅ ደብዳቤ መላላክ ከዚያ ወዲህ ቤተ መንግሥት ብቻ አልቀረም። ፊሊፕስ በ1963 ያወጣው ካሴት አገራችን ከገባ በኋላ፣ አሜሪካና አውሮፓ፣ እስራኤልና ዓረብ አገር የሄደ ዘመድ ደብዳቤውን በካሴት ይልክ ነበር፤ ከዚህም ቤተሰቡ ተሰብስቦ፣ እየተቀባበለ፣ እያለቀሰና እየሳቀ ይመልስ ነበር። ዛሬ ያው ነገር በኢሞ፣ በዋትስአፕና በቴሌግራም ቮይስ ሆኗል። ቤይሩት ወይም ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ለእናቷ የምትልከው ቮይስ ስልኩ ሲቀየር አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

ውጭ አገር ያደጉ ልጆችን ሳስብ የጉዳዩ ክብደት ይበልጥብኛል። ብዙዎቹ አማርኛ ሲነገር ይሰማሉ፤ ፊደሉን ግን አያነቡም። ከፎቶው ሥር «ጎንደር፣ አያታችሁ» ብሎ መጻፍ ለእነሱ ባዶ ነው። ሲነገር ግን ይገባቸዋል።

የድሮ ካሴት ያለው ሰው የመጀመሪያ ሥራው ከላይኛው ጠርዝ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች መስበር ነው፤ ከተሰበሩ በኋላ ላዩ ላይ ሊቀዳ አይችልም። በወረቀት ደፍነን የዘፈን ካሴት ላይ ሌላ ዘፈን የቀዳን ሰዎች ይህን አሳምረን እናውቃለን። ከመጫወቱ በፊት አንድ ጊዜ ወደፊት አንድ ጊዜ ወደኋላ ይጠቅለል፤ የቴፑ ራስ በአልኮል ይጠረግ። ከዚያ ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተር በሽቦ አገናኝቶ፣ ኦዳሲቲ በመሰለ ነፃ ፕሮግራም በዋቭ ፋይል መቅዳት ነው። ኤምፒስሪ ለመላላክ ይሁን እንጂ ለማስቀመጫ አይሁን። ፋይሉ ቢያንስ ሦስት ቦታ ይኑር፤ አንዱም ሌላ ቤት፣ ቢቻል ሌላ ከተማ። ከዚህ ፋይል ስምንቱ ሰከንድ ተመርጦ ወደ ቺፑ ይገባል። ቺፑ ቢሞት የሚያሳዝነው ቺፑ ብቻ ይሆናል።

አዲስ ለሚቀዳ ሰው ደግሞ፦ «እማዬ፣ እስኪ አንድ ነገር ተናገሪ» አይባልም። እንዲያ ሲባል እናት ድምፅዋን ቀይራ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ትሆናለች። ፈቃዷን ጠይቆ፣ ስልኩን ጨርቅ ላይ አስቀምጦ፣ አሮጌውን አልበም እጇ ላይ መስጠት ብቻ ነው። ገጽ ስትገልጥ ራሷ ትጀምራለች። ገጽ የሚገለጥበት ድምፅ፣ ጀበናው፣ ከውጭ የሚጠራው ልጅ አብሮ ቢገባ አይቆረጥ።

ስለ ወረቀቱም ጥቂት ልበል። በየቤታችን ያለው፣ ፎቶው በሚያጣብቅ ገጽ ላይ ተደርጎ በፕላስቲክ የሚሸፈነው አልበም ለፎቶ ጠላት ነው፤ ሙጫው ቢጫ እየሆነ ወረቀቱን ይበላዋል። ፎቶው አልላቀቅ ካለ በጉልበት ከመሳብ የጥርስ ማጽጃ ክር ከሥሩ ቀስ እያሉ ማሳለፍ ይሻላል። ለሽመናው ጋዜጣና ርካሽ ካርቶን አይሁን፤ አሲድም ሊግኒንም የሌለበት ወረቀት ይሁን። ለፎቶ የሚስማማ መሆኑ የሚፈተንበት አይኤስኦ 18916 የሚባል ዓለም አቀፍ መለኪያ አለ፤ ዕቃው ላይ ተጽፎ ከተገኘ መልካም ነው። ስኮች ፕላስተር በየትኛውም ገጽ ላይ ቦታ የለውም። ኦሪጂናል ፎቶ ከቺፕና ከባትሪ ጋር በአንድ ኪስ አይደር።

ሦስት ነገር በአንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ ሥራው ተሟላ እላለሁ፦ በአንድ ጎኑ ክፍት የሆነ የተሸመነ ኪስ፣ በውስጡ ስምንት ሰከንድ የሚናገር ቺፕ፣ ከቺፑ ጀርባ ደግሞ የተነገረው ቃል በሙሉ፣ የተናጋሪው ስም፣ ቦታው፣ ዓመቱና ዋናው ፋይል ያለበት ቦታ የተጻፈበት ካርድ። ካርዱን ብዙዎች ይዘሉታል፤ ዳሩ ግን ከሦስቱ ነገሮች፣ መቶ ዓመት የሚቆየው እሱ ነው። ኪውአር ኮድ የሚወድ ይጨምርበት፣ አልከለክልም። የሞገድ ሥዕልና የሙዚቃ ሣጥን ጊዜ ላለው ሰው ናቸው።

ለአንባቢ የምለው ይህን ነው። ጌጡ፣ ቀለሙ፣ ወረቀቱ ሁሉ ነገም ይገዛል። ካሴት ያላችሁ ግን በዚህ ሳምንት ከመሳቢያ አውጥታችሁ ጆሮዎቹን ስበሩና የሚያጫውት ቴፕ ፈልጉ፤ እናትና አባት ያላችሁም አልበሙን ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ። መሸመኑ በኋላ ይደርሳል።